የዓሣ ጫጩት ከማስገባትዎ በፊት የኩሬዎን ውሃ ያዘጋጁ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



ዓሣ ማርባት በአነስተኛ መሬት ላይ ለቤተሰብ ምግብና ለገበያ የሚሆን ምርት የሚገኝበት ሥራ ነው። ኩሬ መቆፈር ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ቁፋሮው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ኩሬው በተሞላ ማግስት ጫጩት ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊቀር ይችላል። አዲስ ውሃ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ለዓሣ የተመቸ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ ምግብም፣ ቆሻሻን የሚያስወግድ ነገርም የለም። ጫጩቶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ በአንድ፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት በጅምላ ሊሞቱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ለጫጩት የወጣው ገንዘብ፣ ለቁፋሮ የዋለው የቤተሰብ ጉልበትና ከእርሻ የተቀነሰው መሬት አብረው ይባክናሉ።

ከዚህም በላይ ጎረቤት አይቶ የሚማረው ከእርስዎ ነው። የሞዴል አርሶ አደር ኩሬ ሲከሽፍ «ዓሣ በእኛ ቀበሌ አይሆንም» ይባልና ሌላውም እጁን ይሰበስባል። ስለሆነም ጫጩት ከመግባቱ በፊት ያሉትን ከ3 እስከ 4 ሳምንታት በአግባቡ መጠቀም ይገባል።

ይህ ጽሑፍ ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ ለሚባለው የዓሣ ዝርያ የሚሆን አነስተኛ ኩሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ውሃው ዝግጁ መሆኑ በምን እንደሚታወቅና በመጀመሪያው ወር ምን መደረግ እንዳለበት ያስረዳል።

1. ውሃ ለዓሣ ዝግጁ ሆነ የሚባለው መቼ ነው?

ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚመገበውም፣ የሚጸዳዳውም በአንድ ውሃ ውስጥ ነው። የከብት በረት በየጠዋቱ ይጠረጋል፤ ኩሬ ግን አይጠረግም። ዓሣው በስንጥቡ በኩል ከሚያስወጣው ቆሻሻ፣ ከዓይነ ምድሩና ሳይበላ ከተረፈው መኖ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ይፈጠራል። በደንብ ባልተጸዳ የዶሮ ቤት ውስጥ ዓይንና አፍንጫን የሚቆጠቁጠው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። በውሃ ውስጥ ሲሆን መጠኑ ትንሽም ቢሆን የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል፤ ሲበዛ ይገድላል።

በተዘጋጀ ኩሬ ውስጥ አሞኒያን የሚያስወግዱ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ በኩሬው ወለል ጭቃ፣ በግድግዳውና በድንጋይ ላይ ይራባሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም ለዓሣ ጎጂ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ናይትራይትን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በተለመደው መጠን ዓሣን አይጎዳም። በማሳዎ ላይ የሚበትኑት ዩሪያም በአፈር ውስጥ በሚገኙ ተመሳሳይ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ተለውጦ ነው ሰብሉ በናይትሬት መልክ የሚጠቀምበት።

ሁለተኛዎቹ ሠራተኞች አልጌ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት ናቸው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አልጌ አሞኒያን እንደ ማዳበሪያ ይመገባል፣ ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያወጣል፣ ለቆሮሶም ጥሩ ምግብ ይሆናል።

እነዚህ ሁሉ ለመራባት ጊዜ ይፈልጋሉ። ሊጥ እንደተቦካ ወዲያው አይጋገርም፤ እርሾው ሥራውን እስኪሠራ ይጠበቃል። የኩሬ ውሃም እንዲሁ ነው። ዝግጁ ሆነ የሚባለው አልጌው በቅቶ ውሃው ቀለል ያለ አረንጓዴ ሲሆን እንጂ ኩሬው ሲሞላ አይደለም።

2. ቦታውንና ኩሬውን ይፈትሹ

ሙቀት፦ ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ምግብ የመብላት ፍላጎቱም ሆነ እድገቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላና ሞቃታማ ወይና ደጋ ይመረጣል። አካባቢዎ ደጋ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የዓሣ ሀብት ባለሙያ ያማክሩ።

አፈር፦ ኩሬው ውሃ መያዝ አለበት። እፍኝ ሙሉ አፈር አርጥበው እንደ ኳስ ያድቦልቡትና ወደ ላይ ወርውረው ይቅለቡት። ሳይፈረካከስ ከያዘ ሸክላነት አለው ማለት ነው። ቀጥሎ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ጠዋት ውሃ ይሙሉበት፤ ማታ የጎደለውን ደግመው ይሙሉ። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውሃ ካለ ቦታው ለኩሬ ይሆናል። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ጂኦሜምብሬን ማንጠፍ ያስፈልጋል።

ጥልቀት፦ የውሃው ጥልቀት በአንዱ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ጫፍ 1.20 ሜትር ያህል ይሁን። ውሃው ከኩሬው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ይህ ካልሆነ በክረምት ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ዓሣው አብሮ ይሄዳል።

ፀሐይ፦ አልጌ ያለ ፀሐይ አያድግም። ኩሬውን ከባሕር ዛፍና ከሌሎች ትላልቅ ዛፎች ያርቁ። ጥላቸው ብርሃን ይከለክላል፣ ቅጠላቸው ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሥራቸውም የኩሬውን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ጎርፍ፦ ከማሳ የሚመጣ ጎርፍ ደለልና ፀረ ተባይ ኬሚካል ይዞ ይመጣል። በላይኛው በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቁፈሩ።

ከዚህ በኋላ ለሚሰጠው ስሌት 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ እንደ ምሳሌ ተወስዷል። የእርስዎን ኩሬ ርዝመትና ስፋት ለክተው አባዝተው ይጠቀሙበት።

3. ኖራ መበተን

ለአሲዳማ አፈር የምንጠቀምበት የእርሻ ኖራ ለኩሬም ያገለግላል። ኖራ የወለሉን አሲዳማነት ይቀንሳል፣ ባክቴሪያውና አልጌው እንዲራቡ ያግዛል፣ ማዳበሪያውም በውሃው ውስጥ በሚገባ እንዲሠራ ያደርጋል።

ኩሬው ባዶ እያለ ለ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም የእርሻ ኖራ በወለሉና በግድግዳው ላይ እኩል ይበትኑ። አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ለምሳሌ ኩሬያችን 15 ኪሎ ግራም፣ አሲዳማነቱ ከከፋ እስከ 30 ኪሎ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሚበትኑበት ጊዜ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ በነፋስ ተቃራኒ አይቁሙ።

ኖራና ፍግ በአንድ ቀን አይጨምሩ። ሁለቱ ሲገናኙ በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ አየር ይጠፋል። ኖራ ከተበተነ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ይጠብቁ። ኩሬዎ በጂኦሜምብሬን የተነጠፈ ከሆነ አፈሩ ከውሃው ጋር ስለማይገናኝ ይህን ደረጃ ማለፍ ይቻላል።

4. ፍግ መጨመር

ፍግ ለአልጌው ማዳበሪያ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት 10 ኪሎ ግራም የደረቀ የከብት ፍግ ወይም 5 ኪሎ ግራም የደረቀ የዶሮ ኩስ ይበቃል። ለምሳሌ ኩሬያችን 15 ኪሎ ግራም የከብት ፍግ ወይም 7.5 ኪሎ ግራም የዶሮ ኩስ ይሆናል። ሁለቱንም በሙሉ መጠን አንድ ላይ አይጨምሩ።

የመጀመሪያውን ፍግ በወለሉ ላይ ይበትኑት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በኩሬው አንድ ማዕዘን ላይ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥር ከልለው እዚያ ውስጥ ያስቀምጡ። እንዲህ ሲሆን ንጥረ ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። በየሁለት ሦስት ቀኑ በእንጨት ያማስሉት።

ፍግ ሲበሰብስ ከውሃው ውስጥ ኦክስጅን ይጠቀማል። ስለዚህ «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ የበለጠ ይጠቅማል» ብለው አይጨምሩ። ከመጠን ያለፈ ፍግ ዓሣውን አፍኖ ይገድላል።

5. ውሃ መሙላት

በመጀመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያስገቡ። ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ውሃ ፀሐይ እስከ ወለሉ ስለምትደርስ አልጌው ቶሎ ይነሳል። ከ3 ወይም ከ4 ቀናት በኋላ እስከሚፈለገው ጥልቀት ይሙሉት።

የውሃ መግቢያ ቱቦው አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይሰሩ። ከወንዝ ወይም ከመስኖ ቦይ የሚመጣ ውሃ የሌሎች ዓሦችን እንቁላልና ግልገል ይዞ ይገባል። አንድ አምባዛ ሾልኮ ቢገባ ጫጩቶችዎን ለቅሞ ይበላቸዋል። ወንፊቱ በየቀኑ ይጽዳ።

የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል። ክሎሪን ዓሣውንም ጠቃሚውን ባክቴሪያም ይገድላል። ኩሬው መጀመሪያ ሲሞላ በሚኖረው የጥበቃ ጊዜ ክሎሪኑ በንኖ ይጠፋል። በኋላ ለማሟያ የሚጨምሩትን ግን በበርሜል ከፍተው ቢያንስ ለ2 ቀን ያቆዩት።

6. መጠበቅና መለካት

ኩሬው ከሞላ በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀን ይጠብቁ። የአየሩ ሁኔታ ደመናማ ወይም ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚህም በላይ ሊወስድ ይችላል። መወሰን ያለብዎት በቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ውሃውን ለክተው ነው።

የክንድ መለኪያ፦ ረፋድ ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በውሃው ዳር ተንበርክከው ክንድዎን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይስደዱ። መዳፍዎ ወደ ላይ ይታጠፍ። መዳፍዎን ይመልከቱ።
– ውሃው ክርንዎ ጋ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይን ከጠፋ ውሃው ዝግጁ ነው።
– ክርንዎ ከጠለቀም በኋላ መዳፍዎ ጥርት ብሎ ከታየ አልጌው አልበቃም። የሳምንቱን ፍግ ጨምረው ይጠብቁ።
– ውሃው ከእጅ አንጓዎ ትንሽ ከፍ እንዳለ መዳፍዎ ከጠፋ አልጌው በዝቷል። ፍግ ያቁሙ፤ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ።

የሰሃን መለኪያ፦ ነጭ ሰሃን ወይም ክዳን በዘንግ ጫፍ ላይ አስረው በዘንጉ ላይ ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ። ወደ ውሃው ሲያወርዱት ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ላይ ከጠፋ ጥሩ ነው።

ቀለሙንም ያስተውሉ። ውሃው ድፍርስ የሆነው በጭቃ ምክንያት ከሆነ መዳፍዎ ቢጠፋም አልጌ አለ ማለት አይደለም። በጠርሙስ ቀድተው አንድ ቀን ያስቀምጡት። አፈሩ ወደ ታች ዘቅጦ ውሃው ጥርት ካለ ድፍርሱ ጭቃ ነው። የጎርፍ መግቢያውን ይዝጉ፣ የጠርዙን አፈር በሣር ያስይዙ።

በዚህ የጥበቃ ጊዜ የእንቁራሪት እንቁላል ካዩ በመረብ ለቅመው ያውጡ።

7. ጫጩት ማስገባት

ጫጩት ከታወቀ ማባዣ ማዕከል ይውሰዱ። የወረዳዎ ባለሙያ ከምርምር ማዕከላት ጋር ያገናኝዎታል፤ ከእነዚህ መካከል በባሕር ዳርና በሰበታ የሚገኙት የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት ይገኙበታል። ከወንዝ የተሰበሰበ ጫጩት ዝርያው ስለማይታወቅና በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል አይመከርም።

ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት ያስገቡ። ለምሳሌ ኩሬያችን 300 ጫጩት ይሆናል። በአነስተኛ ኩሬ ውስጥ ቁጥር ማብዛት ምርት አያበዛም፤ ዓሣውን ያቀጭጨዋል።

ከተቻለ ሁሉንም ከማምጣትዎ በፊት 10 ያህል ጫጩቶችን በትንሽ መረብ ውስጥ አድርገው በኩሬው ውስጥ አንድ ቀንና ሌሊት ያቆዩ። በደህና ካደሩ ሌሎቹን ያስገቡ።

ጫጩቶቹን በጠዋት ወይም በማታ ቀዝቃዛ ሰዓት ያጓጉዙ። ሲደርሱ ወዲያው አይድፏቸው። ፕላስቲኩን እንደታሰረ በኩሬው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያንሳፍፉት። ቀጥሎ ከፍተው የኩሬውን ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩበት። በመጨረሻ ፕላስቲኩን አጋድመው ጫጩቶቹ ራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ ያድርጉ። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ጤነኛ ጫጩትም ይገድላል።

8. የመጀመሪያው ወር አያያዝ

መኖ፦ አረንጓዴው ውሃ ዋናው ምግባቸው ነው። ለተጨማሪ የስንዴ ፉርሽካና የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው ይስጡ። ለጫጩት በቀን የክብደታቸውን 5 በመቶ ያህል ይበቃል። እያንዳንዱ 5 ግራም የሚመዝን 300 ጫጩት አንድ ላይ 1.5 ኪሎ ግራም ነው፤ የቀን መኖው 75 ግራም ብቻ ይሆናል። ይህ ትንሽ ቢመስልም በቂ ነው። ዓሣው 100 ግራም ሲደርስ መጠኑ ወደ 3 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ለ300 ዓሣ በቀን 900 ግራም ይሆናል።

መኖውን በሁለት ከፍለው ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይስጡ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልጨረሱት በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ። የተረፈ መኖ ወደ አሞኒያ ይለወጣል።

ፍግ፦ በየሳምንቱ መጀመሪያ በክንድዎ ይለኩ፤ ከዚያ ይጨምሩ ወይም ይተዉ። ሳይለኩ አይጨምሩ።

ፀረ ተባይ፦ የመርጫ መሣሪያ በኩሬው ወይም በመግቢያ ቦዩ አጠገብ ፈጽሞ አይጠቡ። ነፋስ ወደ ኩሬው በሚነፍስበት ጊዜ በአቅራቢያው ማሳ ላይ አይርጩ። ጎረቤትዎም እንዲያውቅ ይንገሩት።

9. የአደጋ ምልክቶችና መፍትሔያቸው

ዓሦቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ወደ ላይ ወጥተው አየር የሚጎነጩ ከሆነ የኦክስጅን እጥረት አለ። አልጌ ቀን ኦክስጅን ያወጣል፤ ሌሊት ግን ራሱም ይጠቀማል። ስለዚህ ኦክስጅን ከሁሉ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። መኖና ፍግ ወዲያው ያቁሙ። ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየተረጨ እንዲወርድ አድርገው ያስገቡ። ውሃ ከሌለ በባልዲ የኩሬውን ውሃ እየቀዱ ከላይ መልሰው ያፍስሱ።

ቀኑን ሙሉ የማይበሉ፣ የሚፈዝዙና ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አሞኒያ ወይም ናይትራይት በዝቶ ሊሆን ይችላል። መኖ ያቁሙ፤ ከውሃው አንድ አራተኛ ያህል አውጥተው በአዲስ ይተኩ። ኩሬውን በሙሉ አያጥፉ፤ ካጠፉት አልጌውና ባክቴሪያው አብሮ ይሄድና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያ ይጀመራል።

የሚያወጡትን ውሃ አይጣሉት። በናይትሬት የበለጸገ ስለሆነ ለሽንኩርት፣ ለጎመንና ለቃሪያ መስኖ በጣም ጥሩ ነው።

10. በኩሬው ዙሪያና ውስጥ ያሉ ዕፅዋት

በጠርዙ ላይ ሰርዶ ወይም ደሾ ሣር ይትከሉ። አፈሩን ይይዛል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። ሣሩ ወደ ውሃው እንዳይዘነብል ግን ይታጨድ፤ ጥሻ የወባ ትንኝና እባብ መጠለያ ይሆናል።

እምቦጭን ለጌጥም ሆነ ለጥላ ወደ ኩሬዎ አያስገቡ። በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የምናውቀው ነው። በትንሽ ኩሬ ላይ ደግሞ ቶሎ ይሸፍነውና ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ አልጌው ይሞታል፣ ዓሣውም ይከተላል። አንድ ቅጠል እንኳ ካዩ ከነሥሩ ነቅለው ከውሃ አርቀው ያድርቁት።

ኩሬው ሕፃናት የማይደርሱበት እንዲሆን በጠንካራ አጥር ይከለል።

ማጠቃለያ፦ የሥራ ጊዜ ሰሌዳ

1ኛ ቀን፦ ባዶውን ኩሬ ማጽዳትና ኖራ መበተን።
8ኛ ቀን፦ ፍግ በወለሉ ላይ መበተንና 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ማስገባት።
11ኛ ወይም 12ኛ ቀን፦ ኩሬውን መሙላት።
ከ15ኛ ቀን ጀምሮ፦ በየሳምንቱ መለካትና እንደ አስፈላጊነቱ ፍግ መጨመር።
ከ19ኛ እስከ 26ኛ ቀን፦ በክንድ ለክቶ ውሃው ዝግጁ ሲሆን ጫጩት ማስገባት።

ጫጩት የሚያዙት ውሃው ከተዘጋጀ በኋላ እንጂ ኩሬው እየተቆፈረ እያለ አይሁን። ጫጩት ቀድሞ ከደረሰ ያልደረሰ ውሃ ውስጥ ለማስገባት ይገደዳሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣው የሞተበት አርሶ አደር አለ? በዚህ ጽሑፍ መሠረት የጎደለው ደረጃ የትኛው ይመስላችኋል?
2. 8 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ኩሬ ምን ያህል ኖራ፣ ፍግና ጫጩት ያስፈልጋል?
3. ጥርት ያለ ውሃ ለሰው መጠጥ ጥሩ ሲሆን ለዓሣ ጫጩት ለምን አይበቃም? ለጎረቤታችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ?
4. በቡድናችሁ ውስጥ የመርጫ መሣሪያ የት እንደሚታጠብ ተስማሙና ቦታውን ወስኑ።